ላብ ያላወጣው ትኩሳት

ይህን የምጽፈው ሰውነቱ እያተኮሰ የጫማውን ማሰሪያ ለሚያጠብቅ ሯጭ ነው። እናቱ ብታነበው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ሯጭ ምክር አይሰማም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ሰብለ እባላለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ በምትላት በጭሮ ተወልጄ አደግኩ። በአገር አቋራጭ ለዞናችን እሮጥ ነበር። በዚያ ሰሞን የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ መልማይ በዞኑ ውድድር ላይ ተገኝቶ ሴት ሯጮችን ሊመርጥ ነው ተብሎ ሁላችንም ልባችን ተንጠልጥሏል። ለእኛ ክለብ መግባት ማለት ሯጭ ተብሎ መኖር ማለት ነው። ካልገቡ ግን ሩጫው ሠርግ እስኪመጣ የሚቆይ የልጅነት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እኔ ሠርጉም ጨዋታውም አልታየኝም፤ የታየኝ ክለቡ ብቻ ነበር።

አሰልጣኛችን ኮች ሙሜ የድሮ ሯጭ ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ፊሽካ ያዘ። ቁጡ ቢሆንም ከልጆቹ ለይቶን አያውቅም። ለትኩሳት ግን አንድ መድኃኒት ብቻ ነበረው። ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚገኘውን ላስቲክ ወስዶ የአንገትና የእጅ ቀዳዳ ያወጣለታል፤ የታመመው ሯጭ ከቱታው ሥር ለብሶት ወደ ሂርና ከተማ በሚወስደው መንገድ ያለውን ዳገት ይወጣል። "ትኩሳትን ላብ ያወጣዋል" ይላል። እሱም ከአሰልጣኙ የተማረው ነው። ማናችንም አልተጠራጠርንም፤ እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ለብሼው ድኛለሁ። ለብሰውት ያልዳኑት ደግሞ ልምምድ ትተው ስለሚቀሩ የሚያስታውሳቸው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጉሮሮዬን እያመመኝ፣ መገጣጠሚያዬ ሁሉ እየተቆረጠመ ተነሳሁ። ሜዳ ደርሼ ለኮች ነገርኩት።

"አቦ ሰብለ! መልማዩ ሊመጣ ነው እኮ" አለኝ። "በይ ላስቲኩን ልበሺ። ወላሂ እስከ ማታ ምንም አይኖርሽም።"

ለበስኩት።

ዳገቱ መሀል ላይ ያና አገኘችን። ያና የቼክ አገር ሰው ናት፤ ለወረዳዎቹ የጉድጓድ ውሃ ሊያወጡ ከመጡት ባለሙያዎች አንዷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እኛ የምንሮጥበት አስፋልት ላይ ትወጣለች። እግሯ ላይ ረጃጅም ዘንጎች ታስራለች፤ ከዘንጎቹ ሥር ትንንሽ ጎማዎች አሉ፤ በሁለት እጇ ደግሞ ሁለት ከዘራ ይዛ አስፋልቱን እየወጋች ዳገቱን ትወጣዋለች። ለሰውም ለከብትም ፍሬን የማይዙት ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እሷን ሲያዩ ቀስ ይላሉ። በወጣትነቷ ስኪ በሚባለው፣ እንዲህ ያለ ዘንግ አስረው በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት የረጅም ርቀት ውድድር ተወዳዳሪ እንደነበረች፣ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድንም እንደተሰለፈች ነግራናለች። ዳገቱ በራስ ጉልበት የሚወጣበት፣ ሳንባ የሚፈተንበት ውድድር ነው፤ የእኛ አገር አቋራጭ ወንድም በሉት። ኮች ሙሜ ግን አልዋጥ ብሎት፣ "አላህ ደህና እግር ሰጥቷት ጣውላ ታስርበታለች!" እያለ ያስቀን ነበር።

ያን ዕለት አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ፊቴን አየችና ጓንቷን አውልቃ ግንባሬን ዳሰሰችው።

"ትኩሳት አለ" አለች። "ዛሬ ሩጫ የለም። ሰብለ፣ ቤት።"

"ፈረንጅ ከብርድ አገር መጥታ ሙቀት ያስደነግጣታል!" አለ ኮች ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ያና ግን አልሳቀችም። ከዘራዎቿን እየወጋች ከጎኔ ተከተለችኝ፤ "ተይ፣ ሰብለ፣ ተይ" እያለች። የምታውቀው አማርኛ ሲያልቅባት በራሷ ቋንቋ ቀጠለች። ድምጿ ውስጥ ልመና ነበረ፤ ምን እንደሚያስለምናት ግን አልገባኝም። ፈጥኜ ጥያት ሄድኩ። ያን ቀን ዳገቱን አንደኛ ወጣሁት፤ ላስቲኩን ሳወልቅ ላቤ ከእጅጌው ተንቆረቆረ። እስከ ማታም እውነትም ትኩሳቱ ለቀቀኝ። "አላልኩሽም?" አለ ኮች በማግስቱ። ላብ አወጣው ተባለ።

ከሳምንት ምናምን በኋላ ልቤ የራሱን ሩጫ ጀመረ። ቆሜ እያለሁ ይሮጣል፤ ስሮጥ ደግሞ ይደናቀፋል። ድሮ እየዘፈንኩ የምወጣው አቀበት ላይ እንደ ሽማግሌ ቆሜ መተንፈስ መጣ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ምት። የሚያስፈራው ምቱ አልነበረም፤ ጸጥታው ነበር። በዚያች ጸጥታ ውስጥ ሁልጊዜ "በቃ" የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ የገባሁበት ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አለኝ። በእኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ሁለቱን ሳይዝ የወጣ ሰው አላውቅም። መርፌውን ጨርሼ ስላልተሻለኝ ሁለተኛው ጋ ሄድኩ፤ ጨጓራ ነው ተባልኩ፤ በርበሬ ተከለከልኩ። ሦስተኛው ሐኪም ዕድሜዬን ጠየቀኝና "ጭንቀት ነው፤ ውድድር ደርሶብሽ ነው" አለኝ። እያንዳንዱ ጋ ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። አንዱ ጋ አጠገቤ የተቀመጡ የገጠር ሴትዮ የያዙትን ሙዝ ገምሰው ሰጡኝ፤ አማርኛቸው ጥቂት ስለነበር ሌላ አላወራንም። እስክጠራ ድረስ እጄን ይዘውኝ ቆዩ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ጸበልም ወሰደችኝ። የዞኑ ውድድር ያለ እኔ ተካሄደ። መልማዩ መጥቶ ከእኔ ኋላ ትገባ የነበረችውን ልጅ መርጦ ሄደ።

እናቴ፣ አስካለ ትባላለች፣ ውሎ አድሮ የራሷን ምርመራ አደረገች። ኮች ሙሜ ሊጠይቀኝ በመጣ ቀን የዳገቱን ነገር አንድ በአንድ አስነገረችው። ፈረንጇ አፍጥጣ እንዳየችኝ፣ ግንባሬን እንደዳሰሰች፣ በማናውቀው ቋንቋ እያወራች እንደተከተለችኝ ሲነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ሳትታመም ታመሻል ያለቻት እሷ ናት?" አለች። "በል በቃ፣ ተገኘ። ዓይን ነው ልጄን የበላት!"

"እትዬ አስካለ፣ ኧረ እንደዚያ አይደለም..." አለ ኮች።

"አንተ ዝም በል ሙሜ። ልጄን ሰጥቼህ ነበር።"

ያና መታመሜን ከልጆቹ ሰምታ በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ጊዜ ቤታችን መጣች። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ተኝታለች" ብላ መለሰቻት። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ያና "ልብ! ልብ!" እያለች የራሷን ደረት ስትመታ በመስኮቱ አየሁ፤ ለእናቴ ግን ይህ ጭራሽ የባሰ ነገር ሆነባት፤ በሩን ዘጋችው። በሽታዬን የሚያውቅ አንድ ሰው በጭሮ ቢኖር እሷ ነበረች፤ የተከለከለችውም እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይዤ ከቦኖ ስመለስ ቤታችን በር ላይ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ ተቀመጥኩ። መነሳት አቃተኝ። እናቴ ወጥታ አየችኝ። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። የዞን ሯጭ የምትባል ልጇ ግማሽ ጀሪካን አቅፋ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ጀሪካኑን አስገባች፣ እኔን አስገባች፣ ነጠላዋን ለበሰች። ወዴት ነሽ ብዬ ሳልጨርስ ወጣች። የሄደችው ያና ደጅ ነበር። ቋንቋ ስላልነበራት ደረቷን መታች አሉ፣ ልክ ያና እንዳደረገችው፤ ከዚያ አለቀሰች።

በማግስቱ ያና በምትሠራበት የውሃ ፕሮጀክት መኪና ሦስታችንም ሐረር ገባን።

የሐረሩ ሐኪም ቤት ወረፋ ረጅም ነበር። ልብን በአልትራሳውንድ የሚያየው ማሽን አንድ ብቻ ስለሆነ ከየቦታው የመጣ ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። ያና እዚያ ተቀምጣ፣ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ እያደባለቀች፣ የስኪ ዘመኗን ነገረችኝ። የተወለደችው ተራራ ሥር ባለች መንደር ነው፤ በረዶው ሲጥል ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በስኪ ነበር። በወጣቶች ውድድር አሸንፋ ብሔራዊ ቡድን ገባች። ሌንካ ከምትባል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ለዓለም ሻምፒዮና አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር ሁለቱም ለማጣሪያው ቀረቡ፤ ሁለቱንም ጉንፋን ይዟቸዋል።

"ማንም ለማንም አልተናገረም" አለች ያና። "ሌንካ ስታስል አፏን በትራስ ትይዛለች። እኔ ሰማሁ። ግን አልሰማሁም አልኩ። እኔም ትኩሳት አለኝ፤ እሷም አወቀች።"

"ማን አለፈ?"

"ሌንካ። እሷ ቀደመች።"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀላል ልምምድ ላይ ሌንካ ወደቀች። ዳገት እንኳ አልነበረም፤ ሜዳ ነበር። ያና ከኋላዋ ነበረች፤ የምትቀልድ መስሏት "ተነሺ" አለቻት። ሌንካ አልተነሳችም። ከዚያ የቡድኑ አባላት በሙሉ ተመረመሩ፤ የያና ልብም ያንኑ በሽታ ይዞ ተገኘ። አሳርፈው፣ አክመው አዳኗት።

"እኔ ብቀድም..." አለችና ተወችው። ቀጥሎ የመጣውን ቃል አማርኛ አጥታለት ነው ወይስ ሊወጣት ስላልፈለገ፣ አላውቅም።

እናቴ ክንዴን ጎተት አድርጋ "ምን አለችሽ?" አለችኝ። ነገርኳት።  እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ በያና በኩል ተቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ በከባድ ቃላት የማያደናግረን ደግ ሰው። "የልብሽ ጡንቻ ተቆጥቷል" አለኝ። "ቁስል ሲቆጣ አይተሻል አይደል? እንደዚያ ነው። ጉሮሮሽን ያመመሽ ቫይረስ ልብሽ ጋ ደርሷል። ሰውነትሽ ከበሽታው ጋር እየታገለ አንቺ ዳገት አስወጣሽው። አርፈሽ ቢሆን ኖሮ በጉሮሮ ያበቃ ነበር፤ ምናልባት ነው የምልሽ።"

"ትሞታለች?" አለች እናቴ። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም።

"ካረፈች እንደምትድን ተስፋ አለኝ እናቴ። ስድስት ወር ሩጫ የለም። ዳገትም፣ ጀሪካንም የለም።"

ያ ስድስት ወር ከሕመሙ የከፋ ነበር። በጭሮ ከምሳ በኋላ ከተማው ጫት ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ጭር ይላል። ባጃጁ ይቆማል፣ ሱቁ ግማሽ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ራሱን ለሐሳቡ ይሰጣል። በዚያች ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ልቤን አዳምጣለሁ። መድኃኒቱ እየሠራ ነበር፤ መሻሌን ሰውነቴ ይነግረኛል፤ ጆሮዬ ግን አላመነም። ከዚያ ላይ ደግሞ ሌንካ ተጨመረችብኝ። አይቻት የማላውቅ፣ በረዶ ላይ የወደቀች የሩቅ አገር ልጅ እንዲህ ቤቴ ትገባለች ብዬ አላሰብኩም። ዓይኔን ስጨፍን ነጭ ሜዳ አያለሁ፤ አንዲት ልጅ ተኝታለች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው "ተነሺ" ይላል። አንዳንዴ የተኛችው እኔ ነኝ። የባሰው ግን "ተነሺ" የምለው እኔ ስሆን ነው።

ኮች ሙሜ በየዓርቡ ከመስጊድ ሲመለስ ብቅ ይላል። ብዙ አያወራም። አንድ ዓርብ እያየኝ ሳይሆን ወለሉን እያየ፣ "ላስቲኮቹን ሰብስቤ አቃጠልኳቸው" አለኝ። "ያሰለጠነኝ ሰውዬ አባቴ ማለት ነበር፤ የነገረኝን ሁሉ አመንኩ። ስንት ልጅ አልብሻለሁ ሰብለ? የት እንደገቡ እንኳ የማላውቃቸው አሉ።" አብሽር ኮች፣ አልኩት። ሲያጽናናን የሚለውን የእሱን ቃል ለእሱ መለስኩለት። እናቴ ሻይ አቀረበችለት፤ ከተጣሉ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ሐረር ተመለስኩ። ልቤ ድኗል ተባልኩ። ቀስ እያልኩ ጀመርኩ፤ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ። እግሬ ምንም አልረሳም። በዓመቱ የዞኑ ውድድር መሰላ ከተማ ላይ ሲደረግ ተሰለፍኩ፤ መልማይ ዳግም መጥቷል። ግማሹን ርቀት አልፈን ሦስተኛ ነበርኩ፤ ትንፋሼም አልከዳኝም። ያን ጊዜ ደረቴ ውስጥ ያ ነገር ተንሸራተተ። ጸጥታ። ከዚያ ትልቅ ምት።

ቆምኩ።

ከውድድሩ የወጣሁበት ቦታ የገብስ ማሳ ዳር ነበር። ሯጮቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ንፋሳቸው ይመታኛል። ኮች ሙሜ ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ መጣ፤ አልተቆጣም፣ አልጠየቀም፤ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። መልማዩ ያን ቀን ሁለት ልጆች መረጠ፤ አንዷ እኔ ስቆም አራተኛ የነበረችው ናት።

ሐረር ደረቴ ላይ ማሽን ታስሮልኝ አንድ ቀን ዋልኩ፣ አደርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ፈገግ አለ። "ልብሽ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ልብም አንዳንዴ አንድ ምት ይዘላል፤ ሌላው ሰው አይሰማውም፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ደረትሽን ከጨመደደሽ፣ ካዞረሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከሆነ ቁሚ፤ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ። ሩጫውን ግን አልከለክልሽም።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ተናደድኩ። በሽታ ቢገኝብኝ ይሻለኝ ነበር። ለበሽታ ብዬ ብቆም ኖሮ አመዛዛኝ ተብዬ እመሰገን ነበር፤ እኔ ግን ያለ ምክንያት ቆምኩ። ክለቡ በከንቱ አመለጠኝ። በሽታው ከሰውነቴ ከወጣ በኋላ እኔን ሳይሆን ሩጫዬን ይዞ እንደቀረ ያን ዕለት ገባኝ።

ያና ሥራዋ አልቆ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትዘጋጅ ቤቷ ሄድኩ። ዕቃ እያሰረች ነበር። የመሰላውን ነገርኳት፤ ዝላዩን፣ ጸጥታውን፣ መቆሜን። አልገረማትም።

"እኔም ብዙ ጊዜ ቆምኩ" አለች። "አሰልጣኝ ተቆጣ። ጋዜጣ 'ደካማ' አለኝ። ተመለስኩ፣ ብዙ ዓመት ተወዳደርኩ። ሜዳሊያ የለም። አንድ ቀን በቅብብል ጥሩ ሆንን፤ እሱ ብቻ።"

"ልብሽን መስማት መቼ ተውሽ?"

እጇን ከዕቃው አነሳች። "አልተውኩም። ዛሬም እሰማለሁ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ተወዳደርሽ?"

"እየፈራሁ" አለች።

ሌላ ነገር የጠበቅኩ ይመስለኛል፤ ፍርሃቱን የሚያጠፋ ልምምድ፣ ወይም ጸሎት፣ ወይም ዓመታት። ያላት ግን ይህ ነበር። አቅፋኝ ተለያየን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትኩሳት ካለ ሩጫ የለም፤ ውድድሩ ነገ ቢሆንም፣ መልማዩ ከሰማይ ቢወርድም። ጉሮሮ ከዳነ በኋላ ልብ ካስቸገረ፣ "ወጣት ነሽ" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። እናቶች ደግሞ በራችሁ ላይ ቆሞ ደረቱን የሚመታውን ሰው፣ ፈረንጅም ቢሆን፣ ምን ሊል እንደፈለገ ጠይቁት።

በሚቀጥለው ውድድር ጭሮ ላይ ሮጥኩ። መልማይ አልመጣም ነበር። ሁለት ጊዜ ልቤ ዘለለ፤ ሁለቱንም ጊዜ እግሬ ሊቆም ፈለገ፤ ደረቴን ጠየቅኩት፣ አልጨመደደኝም፤ ራሴን ጠየቅኩት፣ አላዞረኝም። ቀጠልኩ። ስምንተኛ ገባሁ። እናቴ ሩጫዬን ለማየት ሜዳ መጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን መጨረሻው መስመር ላይ ቆማለች። "እንኳን ደስ አለሽ" አላለችም፣ ስንተኛ እንደገባሁም አልጠየቀችም። ሰዉን ገፍታ መጣችና፣ በላብ እንደተዘፈቅኩ ያዘችኝና፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስጠጋች። ልጆቹ ሳቁ። ኮች ሙሜ "ዝም በሉ!" ብሎ ጮኸባቸው።

እናቴ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬያት አዳመጥኩ።